በክር የሚጠርዘው ቤት፦ ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ ለምታስጠርዙ

ባሕር ዳር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ወይም ያረጀ ዳዊት ማስጠረዝ ከፈለጋችሁ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ታፔላዋ ላይ «መጽሐፍ እንጠርዛለን» ይላል፤ ሌላ ጽሑፍ የለውም። ኮፒ አይደረግም፣ ላሚኔሽን የለም፣ የመታወቂያ ፎቶም አይነሳም። እዚያ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተለያዩ ወረቀቶችን በክር እያያያዙ መጽሐፍ ማድረግ።

ከተማው ውስጥ ከማውቃቸው የጥራዝ አገልግሎቶች ሁሉ ይቺን ቤት አስቀድማለሁ። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የፈለግኩት ልዩነቱ ከውጭ ስለማይታይ ነው። ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ሁለቱም ጠንካራ ሽፋን ካላቸው፣ አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩት ሲከፈቱ ነው። ከዚያ ደግሞ ዓመት ሲያልፋቸው።

የምሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሞተው ጀርባው ነው። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ያለበት ቅጠል ነው፤ የጂኦግራፊ ከሆነ ካርታው። ተማሪው ሁሉ እሱን ስለሚከፍት ሙጫው እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። የወጣውን ቅጠል አንዱ በፕላስተር ይለጥፈዋል፣ ሌላው አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይከተዋል። ሰኔ ላይ ስንረከብ ሽፋናቸው ደህና ሆኖ ሆዳቸው የጎደለ መጻሕፍት ይደረደሩልናል። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። አንድ ቅጠል የጎደለው መጽሐፍ ለሚቀጥለው ልጅ ግማሽ መጽሐፍ ነው፤ የጎደለው ሁልጊዜ በጣም የሚፈለገው ገጽ ነውና።

ፔዳም ሆነ ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ባሉት ኮፒ ቤቶች የሚሠራው ጥራዝ ባብዛኛው የሙጫ ነው። ወረቀቱ ይደረደራል፣ ጀርባው ይሞረዳል፣ ትኩስ ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋን ይለብሳል። ደቂቃዎች ይበቁታል። ሙጫው ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር የፕላስቲክ ዘር ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው መቆሙ ነው። የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው። 80 ግራም የሚባለው የኮፒ ወረቀት ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እንግዲህ ቅጠሉን ከመጽሐፉ ጋር የሚያገናኘው በዚያች ስስ ጠርዝ ላይ የያዘው ሙጫ ነው። ሙጫው ሲያረጅ ይደርቃል። የደረቀ ሙጫ ደግሞ አይለጠጥም፤ መጽሐፉን ጠንከር አድርጋችሁ ስትከፍቱት ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ከተሰማ አለቀ።

አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤታችን የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ሰብስበን፣ በትምህርት ዓይነት ለይተን፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ኮፒ ቤት ወስደን አስጠረዝን። ሽፋኑ ያምር ነበር፤ ጽሑፉም ወርቃማ። ተማሪዎች መጠቀም ሲጀምሩ ግን ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ የሒሳቡ ጥራዝ መሀሉ ተከፈለ። ይዤ ስመለስ ልጁ አላመነታም፤ «እህቴ፣ ሃርድ ከቨር ነው ያላችሁኝ፤ ሃርድ ከቨር ነው የሠራሁላችሁ» አለኝ። ዋጋ ከፍለን እንደገና ሙጫ ተቀባ። እንደገናም ተከፈለ።

ልጁ ያለው ነገር ግን እውነት ነበረው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። «ሃርድ ከቨር» ስትሉ የጠየቃችሁት ስለ ሽፋኑ ብቻ ነው። ወረቀቱ እርስ በርሱ በምን እንደሚያያዝ ምንም አላላችሁም። ወፍራም ካርቶን፣ ላዩ ላይ ቆዳ መሰል ላስቲክ፣ ውስጡ ያው ሙጫ። «ባይንዲንግ» ስትሉም እንደዚያው ነው፤ ስፓይራሉም፣ በስቴፕለር የተመታውም፣ በሙጫ የተያዘውም ሁሉም ባይንዲንግ ይባላል። ስለዚህ የትም ብትሄዱ ጥያቄው «ወረቀቱ በክር ይሰፋል ወይስ በሙጫ ይያዛል?» መሆን አለበት። «ይሰፋል» ካሏችሁ ደግሞ «በእጥፋቱ ነው ወይስ በጎኑ?» ብላችሁ አክሉ። በጎን፣ ማለትም ከፊት ወደ ኋላ ተበስቶ፣ የተሰፋ መጽሐፍ አይበተንም። ግን አይከፈትም፤ በሁለት እጅ ታግላችሁ ካልያዛችሁት ይዘጋባችኋል።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። አብራቸው የምትሠራው ወጣት ብቻ «የኔታ» ነው የምትላቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ብራና መፋቅም መጠረዝም ያወቁት እዚያው ነው። ውስጥ ስትገቡ በሩ አጠገብ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ሞርሳ ተተክሏል። ግድግዳው ላይ ወስፌዎች በተርታ ተሰክተዋል። የመርፌ ዕቃ፣ የንብ ሰም ቁራጭ፣ ከቀንድ የተሠራ ማጠፊያ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ጥቅል አቡጀዲ። ጥግ ላይ ወረቀት የሚቆርጥ በእጅ የሚሠራ ማሽን ቆሟል። መብራት ጠፋ ብሎ ሥራ አይቆምም፤ ባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩን ቆሜ ስላየሁት ልንገራችሁ። አራት ወረቀት አንድ ላይ ተደርጎ መሀሉ ላይ ይታጠፋል። ስምንት ቅጠል፣ 16 ገጽ ይሆናል። ይሄ አንድ እጥፍ ነው። 160 ገጽ ያለው መጽሐፍ አሥር እጥፍ ይኖረዋል ማለት ነው። ጋሼ እጥፉን በቀንዱ ይተኩሱታል። ከላይ ወደ ታች አንዴ፣ ረገጥ አድርገው። በእጅ ብቻ የታጠፈ ወረቀት ያብጣል ይላሉ። ከዚያ እጥፎቹ ሞርሳው ውስጥ ገብተው ያድራሉ። በማግስቱ በእጥፋቱ መሥመር ላይ በወስፌ ይበሳሉ። ቀዳዳዎቹ ሁሉም እጥፍ ላይ አንድ ቦታ መዋል አለባቸው፤ ለዚህ በካርቶን የተሠራ መለኪያ አላቸው።

ስፌቱ የሚጀመረው ክሩን ሰም በማስነካት ነው። ክሩ የጥጥ ነው፤ ብዙ ነጠላ አንድ ላይ የተገመደ። ናይለን አይጠቀሙም። «ናይለን ወረቀት ይቆርጣል፤ ክሩ ከወረቀቱ እንዳይበረታ» ይላሉ። ክሩ ሁለት ጫፍ አለው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባል። ሁለቱ መርፌዎች በሁለት ቀዳዳ ከውጭ ወደ እጥፉ ሆድ ይገባሉ። ውስጥ ይተላለፉና አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ሲወጡ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው እጥፍ አይሄዱም። ቀድሞ ከተሰፋው እጥፍ ሥር ገብተው ክሩን ያቅፉታል። ከዚያ ነው አዲሱ እጥፍ የሚበሳው። እያንዳንዱ እጥፍ ከፊቱ ያለውን ይዟል፣ በኋላው ደግሞ ተይዟል። ጀርባውን ስታዩት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይወርዳል።

አይቼ ያልጠገብኩት ይሄንን ነው። ጋሼ ክሩን ሲስቡ ወደ ላይ አይስቡም፤ በመጽሐፉ ቁመት አቅጣጫ፣ ጎን ለጎን ነው የሚስቡት። ወደ ውጭ ከተሳበ ወረቀቱ ይቀደዳል። ደግሞ በየእጥፉ በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ይዳስሳሉ። ላልቶ ከሆነ ያችን አንዲት ስፌት ፈትተው እንደገና ያጠብቃሉ። ወጣቷ ስትሰፋም እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣት ብቻ ይፈትሹላታል። «ይቺ ሦስተኛዋ ላልታለች» ይሏታል፤ ትፈታለች። ቅሬታ ፊቷ ላይ አላየሁም። ሥራውን ወዳዋለች።

ይህ አሰፋፍ ከጥንት የመጣ ነው። የእኛ የብራና መጻሕፍት የሚሰፉት እንዲሁ ነው፤ በጀርባው ገመድ ወይም ጠፍር ሳይኖር፣ ክሩ ራሱን በራሱ እያቀፈ። ግብፅ ውስጥ በጥንት ክርስቲያኖች መጻሕፍት ላይ የሚታየው ስፌትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሌላው ዓለም ብዙ ቦታ ጥሎት ወደ ሌላ አሠራር ሲሄድ እኛ አልተውነውም። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም መጽሐፍ ሲወጣላችሁ ሥዕሉን ብቻ አትዩ። ጀርባውንም እዩት። ቆዳ ካልለበሰ ስፌቱ ይታያችኋል። ትንሹ መጽሐፍ ሁለት ቀዳዳ፣ ከፍ ያለው አራት ይኖረዋል። ገበታው፣ ማለትም የሽፋኑ እንጨት፣ ባብዛኛው ዋንዛ ወይም ወይራ ነው። ክሩ በእንጨቱ ጠርዝ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ ገበታውን ከብራናው ጋር ያያይዘዋል። ሙጫ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ መጽሐፉን አልያዘም። አንድ እጥፍ ብራናም ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ቅጠል ነው። ጋሼ በኮፒ ወረቀት ላይ አራት አራቱን የሚያጥፉት ከዚያው ከለመዱት ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ ግብፆች ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ደንገል እዚሁ ጣና ዳር በቅሏል። ታንኳ የሚሠራበት ማለት ነው። አባቶቻችን ግን ለመጽሐፍ የመረጡት ብራናን ነው። ለምን እንደሆነ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። «ብራና ታጥፎ ይሰፋል። በሁለት ፊቱም ይጻፍበታል» አሉኝ። ያለ ስፌት ማሰብ አይችሉም።

አሁን ውጤቱን ልናገር። የሒሳቡን የፈተና ጥራዝ እዚህ ቤት አምጥተን እንደ አዲስ አሠራን። በነጠላ የታተመ ስለነበር በእጥፋት መስፋት አይቻልም ነበር። ጋሼ እንዲሁ አልመለሱንም። ኦሪጅናሉን በኤ3 ወረቀት ሁለት ሁለት ገጽ አድርገን ኮፒ እንድናደርግ ነገሩን፤ የገጹን አደራደር በወረቀት ጽፈው ሰጡን። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ይሄ አደራደር ስለሆነ ላስረዳ። አንድ እጥፍ 16 ገጽ ከሆነ፣ በውጭኛው ወረቀት አንድ ፊት ላይ 16 እና 1 ጎን ለጎን ይታተማሉ። በጀርባው 2 እና 15። በሚቀጥለው 14 እና 3፣ በጀርባው 4 እና 13። እንዲህ እያለ የመጨረሻው የውስጥ ፊት 8 እና 9 ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ስትደምሩ ሁልጊዜ 17 ይመጣል። ካልመጣ ተሳስታችኋል። ኮምፒዩተር ላይ «ቡክሌት» የሚለው የሕትመት ምርጫ ይሄንን ራሱ ያደርገዋል፤ በአንድ እጥፍ ስንት ወረቀት እንደሚገባ ብቻ በትክክል ሙሉለት። ይህን ሳታደርጉ ካተማችሁ መጽሐፉን በሙሉ እንደ አንድ እጥፍ ቆጥሮ ያትመዋል።

የተሠራው ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ተኝቶ ይቀራል። እጅ ሳይነካው። ተማሪው በአንድ እጁ እስክሪብቶ ይዞ በሌላው ደብተሩን ይዞ መሥራት ይችላል። ገጹ እስከ እጥፋቱ ድረስ ይታያል፤ ወደ ውስጥ የተዋጠ ፊደል የለም። ክረምቱን አልፏል። ክረምቱን ማለፍ እዚህ ከተማ ትልቅ ፈተና ነው፤ የእኛ ቤተ መጻሕፍት መስኮት ወደ ሐይቁ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ መደርደሪያው ላይ ይሰማል። ሽፋኑ ትንሽ ተጣምሟል፤ ይህን አልደብቅም። ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልላላም፣ አንድም ቅጠል አልወጣም።

ስለ እርጥበት ከተነሳ፣ ጋሼ ጭረት የሚሉትን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ወረቀት ፋብሪካ ሲሠራ ውስጡ ያሉት ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው በጭረቱ አግድም ነው፣ በቁመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ጭረቱ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር አብሮ ከሄደ መጽሐፉ ያለ ችግር ያብጣል፣ ያለ ችግር ይሰበሰባል። ካቋረጠው ጀርባው ጋ ይጨማደዳል። ለማወቅ ጋዜጣ ቅደዱ። በአንዱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው ይዛነፋል። ቀጥ ያለበት ጭረቱ ነው። ሱቅ የምንገዛው ኤ4 ብዙውን ጊዜ ጭረቱ በቁመቱ ነው፤ አጥፋችሁ ኤ5 ስታደርጉት እጥፋቱ ጭረቱን ያቋርጣል። ጋሼ አዲስ ማስታወሻ ደብተር ሲሠሩ ትልቅ ወረቀት ገዝተው ራሳቸው የሚቆርጡት ለዚህ ነው። እናንተ ያተማችሁትን ስታመጡላቸው ግን እንዳለ ይሰፋሉ፤ ነግረዋችሁ ነው የሚሰፉት።

የሥራ ባልደረባዬ የአያቷን ዳዊት ስትወስድ አብሬያት ነበርኩ። ብራና ሳይሆን በወረቀት የታተመ ነው፤ ነገር ግን የሰፋው ሰው በድሮው ወግ በእንጨት ገበታ ነው ያደረገው። ፊተኛው ገበታ ለሁለት ተሰንጥቋል። ቆዳውን አይጥ በልቶታል። እሷ አዲስ ገበታ ይሠራል ብላ ነበር የመጣችው።

«ተይው ልጄ፣ ይሰፋል» አሏት።

«እንጨቱ?»

«እንጨቱ ነዋ።»

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አወጡና በክር ሰፉት። ይሄም የኖረ ወግ ነው፤ በጥንት መጻሕፍት ላይ የተሰፋ ገበታ ብዙ ይታያል። ሌላ ደስ ያለኝ ነገር ዳር ዳሩን አልቆረጡትም። ኮፒ ቤት ቢሆን ጠርዙ እኩል እንዲሆን ብሎ ማሽን ውስጥ ይከተው ነበር። የእሷ አያት ግን በዳሩ ላይ በእርሳስ የልጆቻቸውን የልደትና የክርስትና ቀን ጽፈዋል። ጋሼ ይሄን ቀድመው አይተዋል። ቆዳውን ደግሞ የተበላው ብቻ ላይ ቀጭን የፍየል ቆዳ ከሥር አስገብተው፣ የቀረውን አሮጌ ቆዳ መልሰው አለበሱት። የተጠቀሙት ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ሙጫ ነው። ቪናቪል የሚባለው ነጭ ሙጫ ከደረቀ አይፈታም፤ የዱቄቱ ግን ነገ ሌላ ሰው መጠገን ቢፈልግ በውኃ ረጥቦ ይለቃል። ስፌቱን ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም። የላላውን ክፍል ብቻ አዲስ ክር ጨምረው ከአሮጌው ጋር አያያዙት። የክፍያውም ልክ የሠሩትን ያህል ነበር።

ጥንታዊ ብራና ይዛችሁ ብትሄዱ ግን አይቀበሏችሁም። ይሄንንም አከብርላቸዋለሁ። የገዳም ወይም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ መላክ አለበት። ቅርስ የሆነ ነገር መጠገን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ሰው በከረጢት ጠቅልሎ ሲያመጣ አይቻለሁ። ጋሼ አልከፈቱትም። «ከየት እንደመጣ ሳላውቅ እጄን አላስነካም» ብለው መለሱት።

የማይመቸኝ ነገርም አለ። መዘግየቱ ነው ዋናው። ሙጫ ቤት ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ያልቃል። እዚህ ወረቀቱ ያድራል፣ ስፌቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ሽፋኑ ተጭኖ ይደርቃል። ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ሥራ ከበዛ ከዚያም ይበልጣል። ያለቀ ጊዜ ደውለው አይነግሯችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትመላለሱት። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማስረከቢያው ቀን ነገ ከሆነ ይሄ ቤት አይሆነውም። ሁለተኛው በጀርባ ላይ የሚጻፈው ርዕስ ነው። ፊደሉ በእጅ አንድ በአንድ ስለሚመታ አንዳንዴ መሥመሩ ይዛነፋል። ለቤት መጽሐፍ ችግር የለውም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዲፓርትመንቱ ስለ ፊደሉ መጠን መመሪያ ካለው ቀድማችሁ አሳዩዋቸው። ሦስተኛው፣ ለሽፋን የሚያቀርቡት ወፍራም ቆዳ ለተማሪ መጽሐፍ ይከብዳል። ዋጋውንም ይጨምራል። እኔ በጨርቅ የተለበጠ ካርቶን ነው የምመርጠው። ከጀርባው ሥር የሚገባው አቡጀዲ ራሱ በቂ ጥንካሬ ይሰጠዋል።

ዋጋው የሙጫ ጥራዝን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። መጽሐፉ ከወፈረ ከዚያም ይበልጣል፤ የሚከፈለው በሚሰፉት የወረቀት እጥፎች ብዛት ነውና። ለግለሰብ ይሄ ትንሽ ይሰማል። ለቤተ መጻሕፍት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እኛ በሙጫ ያሠራነውን ሁለት ጊዜ ከፍለንበት መጨረሻ ላይ ጣልነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይሄንን ካነበባችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ የጥገና በጀታችሁን ለሁሉም መጽሐፍ አታዳርሱት። ተማሪ በብዛት የሚጠይቃቸውን ጥቂት መጻሕፍት ምረጡና እነሱን በደንብ አሰፉ። መዝገበ ቃላት፣ አትላስ፣ የፈተና ጥራዝ። የቀረውን በፕላስተርም ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ ከፋብሪካ የመጡ ብዙ የቆዩ መጻሕፍት ላይ አስተውሉ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጀርባው ሲታይ ትንንሽ እጥፎች ከታዩአችሁ፣ መጽሐፉ ድሮውንም የተሰፋ ነው። ይሄ ሀብት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ጀርባውን እንዳታስሞርዱት። አንዴ ከተሞረደ እጥፎቹ ተቆርጠው ነጠላ ቅጠል ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ በእጥፋት መስፋት የለም። ጋሼ እንዲህ የሆነ መጽሐፍ ሲመጣላቸው ያዝናሉ። የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ ቅጠሎቹን ሁለት ሁለት አድርገው በስስ ወረቀት እጥፋታቸው ላይ አጣብቀው እንደገና እጥፍ ይፈጥራሉ። ግን አድካሚ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከዚያው ጋር ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ እንዲህ ተዘጋጁ። የምታትሙት አዲስ ከሆነ ከማተማችሁ በፊት ሄዳችሁ አናግሯቸው። በእጥፋቱ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ዳር ተዉ። ለኤ4 መጽሐፍ ኤ3 ወረቀት የሚያትም ማሽን ያስፈልጋችኋል፤ ፔዳ በር አካባቢ ታገኛላችሁ። ገጻችሁ ለ16 የማይካፈል ከሆነ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጽ ጨምሩ፣ ወይም የመጨረሻው እጥፍ አነስ ይበል። አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ የወጡትን ቅጠሎች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተቀደደችውንም ቁራጭ ጭምር። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ፕላስተሩን ማንሳት ከስፌቱ በላይ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ቀብድ ግማሹን ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ የሚሰጡት በእጅ ጽፈው ነው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ የተማሪ ሥራ ስለሚበዛ ያኔ ባትሄዱ ጥሩ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ አላቸው፤ ቆማችሁ ስፌቱን ብታዩም አይከፋቸውም። እሑድና ዓበይት በዓላት ቤቷ ዝግ ናት። በወር በወሩ 23 ደግሞ፣ ጊዮርጊስ ስለሆነ፣ የሚከፈተው ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይከፈትም።